አራት ጣት

ሸምሱ እግረ ረጅም፣ ቁመቱ ባሕር ዛፍ፣
ሌሊት ነው የሄደው፣ ሳይሰናበት በአፍ፤
ሳይክሉን ከግንቡ አስደግፎ ትቶ፣
የሰንሰለቱን ቁልፍ ከትራሴ ሥር ከቶ።

ሦስት ዓመት ሆነው።
እኔም ከዚያ ወዲህ ፈትል ክፍል ገብቼ
ከቤት እስከ ፋብሪካው በር
ጧት ማታ እነዳለሁ፣ ጫፉ ላይ ወጥቼ።

ኮርቻው የእሱ ልክ ነው፤ አልነካሁትም፤
ዝቅ አድርጊው ያለኝን አልሰማሁትም።
ሲመለስ ይወጣበት፣ እንዳለ ይጠብቀው፤
ሰው ሳይሞት ቁመቱን ምን ብዬ ልንጠቀው?

እግሬ ፔዳሉን በጣት ጫፍ እየፈለገ፣
ወገቤ ኮርቻው ላይ እያረገረገ፣
መሪውን ልደርስበት ጀርባዬን ለጥጬ፣
ቀን ከማሽን ጋር ቆሜ፣ ማታ ሰማይ ላይ ተቀምጬ።

መጀመሪያ ከጉልበቴ ኋላ፣ ከቋንጃዬ ጀመረ፤
እንደ ከረረ ክር እየሳበ እዚያው አደረ።
ቀጥሎ ትንሿ ጣቴና ጎረቤቷ ደነዘዙ፤
ክር ሲበጠስ አይሰሙ፣ ቋጥሩ ስል አይታዘዙ።
አለቃዬ አየኝ፤ «ምነው ዘምዘም፣ እጅሽ ታሰረ ወይ?»
«ብርድ ነው» አልኩት። ሚያዝያ ላይ! ኮምቦልቻ ላይ!

እናቴ ወጌሻ ጠራች፤ በቅቤ ታሸሁ፤
ሰኞ ተሻለኝ፣ ማክሰኞ ነድቼ ረቡዕ አነከስሁ።
«ዓይን ነው» አለች አንዷ፤ «የለም፣ ብርድ ነው» አለ ሌላው፤
«ሴት ልጅ ሳይክል ስትነዳ» አሉ አንድ ሽማግሌ፣ «ይኸው ነው ጣጣው።»

ይመር ጎሚስታው ከቦርከና ድልድይ ማዶ
ዋርካ ሥር ነው፤ ጣሪያው ማዳበሪያ፣ ጌጡ የዛገ ዳዶ።
ጎማዬ ፈንድቶ ነው የሄድኩት፤ ለጉልበት ማን ጎሚስታ ይሄዳል!
እሱ ግን ከሩቅ አይቶኛል።
ከመነዳሪውን ጥሎ እኔን ያይ ጀመር፤
«ወገብሽ ሲዋልል ከድልድዩ ላይ አየሁት» አለ ይመር።
«የማን ነው ሳይክሉ?»
«የወንድሜ።»
«የት ነው እሱ?»
ዝም አልኩ።

«አብሽሪ» አለኝ። «ውጪበት፤ ግንዱን ያዢ፤
ተረከዝሽን ፔዳሉ ላይ አኑሪ፤ አትፍዢ፤
እስከ መጨረሻው ውረጂ፤ ተዘረጋ እግርሽ?
ዳሌሽ ሳይጋደል ከደረሰ፣ ያ ነው ልክሽ።
ካልደረሰ፣ የሰው ቁመት ለብሰሽ ነው የከረምሽ።»

አልደረሰም። አራት ጣት ቀረው።

«የፈነዳ ጎማ እለጥፋለሁ» አለ፣
«ጉልበት የሚለጠፍበት ማስቲሽ ግን የት አለ?»

ቁልፉን ዳዶው ላይ ሲያስገባ እጁን ያዝኩት።
«ተው! ሲመጣ ዝቅ ብሎ ካገኘው...» አልኩና አልጨረስኩት።

ይመር አልሳቀም። ምስማር አነሣ፤
ከኮርቻው በታች፣ ብረቱ ቱቦው ውስጥ በሚገባበት ከንፈር
አንዲት መስመር ጫረ፤ ዝገቱን ገልጣ ብር የመሰለች መስመር።
«ይኸው፣ ልኩ ተጽፏል። ሲመጣ ከፍ ታደርጊለታለሽ፤
እስከዚያ በሁለት እግርሽ ቆመሽ ትጠብቂዋለሽ።»

አወረደው። አንድ ጣት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።
መስመሯ ቱቦው ውስጥ ሰመጠች፤ ዓይኔ እያየ አጣኋት።

መሪውንም ወደ እኔ ከፍ አደረገው፤
«ክርንሽ እንደ ጣውላ አይድረቅ፤ እጠፍ አድርጊው፤
መዳፍሽ ላይ አትተኚ፤ እጅሽን ቦታ ለዋውጪው።
ሳምንት በእግርሽ ሂጂ። ሐረጎን ደግሞ እንዳትሞክሪ፤
ደሴ የትም አትሄድም፤ ጉልበትሽ ይዳን፣ ታገሺ፣ እደሪ።»

በሳምንቱ ወጣሁ። የገበያው መታጠፊያ ላይ
ባጃጅ ፊቴ ሲገተር ፍሬን ያዝኩ፤ ቆምኩ፤
እግሬ አስፋልት ነካ።
ሦስት ዓመት ስነዳ፣ ስቆም የምዘለው፣
መሬት ቅርብ ነበር ለካ።

አርብ ማታ ሸምሱ ደወለ፤ ድምፁ ከአቧራ ሥር ይመስላል።
«ሳይክሌ ደህና ነው?» ይላል።
«ደህና ነው። አንተስ?» አልኩት።
«ሲሚንቶ ነው የምሸከመው። ወገቤ ተቆረጠ።»
እዚያስ ቁመትህን የሚለካልህ ሰው አለ ወይ፣ ልለው ስል
መስመሩ ተቋረጠ።