እቶኑ እንዳይሰነጠቅ

ማሪንያ ግራንዴ፣ ከጥዶቹ ማዶ፣
እንቅልፍ በየቤቱ ሲገባ ተራምዶ፣
እኔ ፋብሪካ ነኝ፣ ሦስተኛ ፈረቃ፤
የሰው ቀን ሲያበቃ የኔ ቀን ሊነቃ።

ጠርሙስ ያልፋል፣ ጠርሙስ፣ ጠርሙስ ተከትሎ፣
ከጀርባው ነጭ መብራት፣ አንገቱ ተስሎ።
የዓይኔ ሥራ ይኼው፦ ስንጥቅ መፈለግ፣
የአየር ነጥብ፣ ጠባሳ፣ ከመስታወት ጥግ።
ያየሁትን በጣት ገፋ ነው ወደ ጎን፤
ተሰብሮ፣ ተፈጭቶ ይመለሳል እቶን።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ሆዴ ይጠራኛል።
ሆዴ? እኔ እንጃ። ድካም ይመስለኛል፣
ወይ ብርዱ፣ ወይ ደግሞ የማሽኑ ጩኸት፤
"ብዪ" የሚል ነገር አለ በዚህ ሰዓት።
ሃምሳ ሳንቲም ጎርሶ ሣጥኑ ይንጫጫል፣
ወተት፣ ቡና፣ ስኳር ባንዴ ይረጫል።
ፊርሚኖም ያመጣል ቋሊማ በዳቦ፤
ቆመን እንውጣለን፣ ማን በላና ተርቦ!

ቆሽት ግን ተኝቷል።
አያነብም እሱ የፈረቃ ወረቀት፤
የሚያውቀው ፊደል አንድ፣ እሱም የቀን ጥባት።
ፀሐይ ስትጠልቅ እሱ በሩን ይዘጋል፣
ስኳሩ በደሜ ደጅ ሲጠና ይነጋል።

ኦቲሊያ፣ ነርሷ፣ ባለፈው መጋቢት
ጣቴን ወጋ አድርጋ ቁጥር አየችበት።
"ዴኦሊንዳ" አለችኝ፣ "ወገብሽን ልለካ።"
ሜትሩ ካምናው ላይ አራት ጣት አልፎ ነካ።
"ስኳር በሽታ ገና፤ ግን ከደጃፉ ነሽ።
ምን በላሽ? መቼ በላሽ? ስንት ሰዓት ተኛሽ?"

"ምን" ለሚለው መልስ ነበረኝ።
"መቼ" ነው ያቃተኝ።

ባለፈው ሳምንት ጧት፣ የዚህ ሳምንት ማታ፣
የሚመጣው ሌሊት፤ ሳይለምድ፣ ሳይፈታ
ሰውነቴ ደክሞ መንገድ ላይ ይቀራል፣
"የቱ ነው ዛሬዬ?" እያለ ይዞራል።

አዴሪቶ፣ ባሌ፣ መጋዝ ቤት ነው ቀኑን።
ስገባ ይወጣል፤ የአልጋውን ሙቀቱን
ትቶልኝ ይሄዳል። ትዳራችን ይኼው፦
አንድ የትራስ ጉድጓድ፣ ሁለት ሰው 'ሚተኛው።
መጋረጃው ጥቁር ነው። ጎረቤት ሣር ያጭዳል።
ፖስተኛው ይመጣል፣ ውሻው ይከተላል፤
እንቅልፍን ቆራርሰው በጉርሻ፣ በጉርሻ
ያቀምሱኛል እስከ ቀኑ መጨረሻ።

እና ቆሽቴ ያረረው ተናድጄ አይደለም፤
ቀስ ብሎ ነው ያረረው፣ በማይጨልም ዓለም።

ፊርሚኖ፣ ሃያ ዓመት እቶን የቀለበው፣
ካንድ እግሩ ሐኪሙ ሁለት ጣት ቀነሰው።
"ጫማዬ ሰፋልኝ" ይላል ሊያስቀን።
ሳቅን። ምን እንበል?
ከዚያ ሁላችንም ጫማችንን አየን።

ትናንት መሐንዲሱ አዲስ ልጆች ይዞ
ስለ እቶኑ ሲያስረዳ፣ ብረት ተመርኩዞ፦
"ይህ እሳት ከተለኮሰ ዐሥራ ሦስት ዓመት፣
አንድ ቀን አልጠፋም፣ በገና፣ በዕረፍት።
ለምን? ጉዱ ጡቡ ነው። ሞቆ ከኖረ፣
ቀዝቅዞ ደግሞ ቢሞቅ፣ በቃ፣ ተሰበረ።
ዛሬ አብርቶ ነገ ማጥፋት አይሆንም፣
እንዲያ ያለ ግፍ ጡብ አይሸከምም።"

ልጆቹ ጻፉት።
እኔ ቆሜ ሰማሁ፣ ጠርሙሱ እያለፈ፤
ስንጥቅ ያለው አንዱ ከዓይኔ ሥር ከነፈ።
እጄን ዘረጋሁኝ። ሄዷል። ታሽጓል፣ ተጭኗል።

አሁን ሾርባ አለኝ፣ ከቤት፣ በፔርሙዝ፤
ከመግባቴ በፊት ጠጥቼ፣ ሌሊቱን በውሃ ለመጓዝ
እሞክራለሁ። አንዳንዴ ይሆናል።
አንዳንዴ ሣጥኑ ስሜን ያውቀዋል።

የሆነ ቤት ደግሞ፣ ከሰዎች ማዕድ ላይ፣
አንድ ጠርሙስ ቆሟል፣
ሞልቶ፣ አብረቅርቆ፣ መብራት ሲያርፍበት፤
ያነሡታል፣ ይቀዳሉ፣ ይመልሱታል፣
ማንም ሳያይበት።