የገባው ግራ

ካራኮል፣ ከጥዱ በላይ፣ ገና ማለዳ ነው፤
«የቱ እግርህ ይቅደም?» ጂልዲዝ ጠየቀችው፣
ብሎን መፍቻ ይዛ፣
ከበረዶ ሰሌዳው አጠገብ ተንበርክካ።

ኤርሜክ ግራ ገባው። ኳስ ሲመታ በቀኝ፣
ካልሲ ሲያጠልቅ በቀኝ፣
ከሚኒባስ ሲወርድ — እንጃ፣ «ቆይ ታገሺኝ»።

አልታገሠችውም፤ ከኋላው ዞረችና
ገፋችው ድንገት።
የገባው ግራ ወጣ፤ በረዶ ላይ ቆመ፣
ባለቤቱን ሳያማክር ገላውን ተሸከመ።

በሰባት ዓመቱ፣
መምህሩ ግራ እጁን በማስመሪያ ሲመቱት፣
እርሳሱን ነጥቀው ለቀኙ ሲሰጡት፣
ለካስ ለእግሩ ማንም አልነገረው ኖሯል።

ጂልዲዝ ይህን አታውቅ፤
በሰሌዳው አፍንጫ በኩል ግራውን አሰረች፣
«በል እንግዲህ» አለች።

ሦስት ሜትር ሄደና በቂጡ ወደቀ፤
ግራ እግሩ ነው መሰለኝ፣ ቀድሞ የሳቀ።