ሲቀነስ ሰባት

ሞጣ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከጎማ ጠጋኙ ጎን፣
ብሎን እቆጥራለሁ፣ ከጤፍ የሚያንስ ብሎን፤
በቢራ ቆርኪ ላይ በየተራው አስቀምጬ፣
ትንፋሼን ውጬ።
ክረምት የጮቄ ጉም መስታወት ላይ ይተኛል፣
ሻጋታው እንደ ድር ከውስጥ ሥር ይሰዳል፤
በአልኮል፣ በጥጥ፣ ከመሃል ወደ ዳር እጠርጋለሁ፣
«ዐይን ሐኪም» ይሉኛል ሾፌሮቹ፤ እስቃለሁ።
ዐይን ሐኪም በሽተኛውን «ምን ይታይሃል?» ይላል፣
የኔ በሽተኛ ግን አይናገርም፤ ያሳብቃል።

የጥር ማክሰኞ ነው፤ አንሙት፣ ሠርግ የሚያነሳው፣
መጣ ከቢቸና፣ አቧራ የለበሰ ሰው።
ሌንሱን በፎጣ ጠቅልሎ፣ እንደ እንቁላል ይዞ፣
«ዐይን ስለው ጆሮ ይይዛል» አለኝ ተክዞ፤
«ሙሽራዋን ትቶ ከኋላ ያለች ሚዜዋን!
የሦስት ሠርግ ሒሳብ ከለከሉኝ።»

ማስመሪያ አዘንብዬ ከመጽሐፍ አስደገፍኩ፣
ካሜራውን በሦስት እግሩ አቁሜ ዜሮዋን አነጣጠርኩ።
ቀጭ! ዜሮ ጭጋግ ነው፤ ከኋላ ስምንት ደምቋል፣
አሥር ጊዜ ሞከርኩት፤ አሥር ጊዜ ያልፋል።
አልተሰበረም። አልሻገተም። ጥርሱም አልተበላም።
ያያል፤ ግን አልፎ ያያል፤ የቆመለትን አያይም።
እኔም ቅኔ ቤት ሳለሁ መምህሬ እንዲህ ይቆጡኝ ነበር፦
«ሰሙን ሳትረግጥ ወርቁ ላይ አትዝለል፣ አንተ ቀዥቃዣ!»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብለው ከደረት ኪሱ አወጣ
በላስቲክ የተለበጠ ፎቶ።
«እናቴ ናት፤ ዐምና፣ የሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት፣
ለፋሲካ አልደረሰችም። ያለኝ ይኸው ነው፤ ፊቷ የለበት።»

እውነቱን ነው። በርጩማ ላይ የተቀመጠ ጉም፤
መቀነት፣ የተጣመረ እጅ፤ ዐይን ግን የለም።
ከኋላዋ ግን ግድግዳው! የጭቃው ጭድ ይቆጠራል፣
ምስማሩ፣ የምስማሩ ጥላ፣ ዝገቱ ሳይቀር ያበራል፤
ከምስማሩ ሥር ደግሞ በከሰል የተሰመረ፣
አምስት አምስት እየሆነ በአግድም የታሰረ
መስመር፣ መስመር፣ መስመር።

«ይሄ ምንድን ነው?»
ማጉያዬን ሰጠሁት። አምፖሉ ሥር ጎነበሰ። ቆየ።

«እንቁላል» አለ።
«ካሜራ ልግዛ ስላት ‹ከየት አባቴ አምጥቼ?› ብላ ሳቀችብኝ።
ሁለት ዓመት ቆይታ ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችኝ።
እኔ ጥጃዋን የሸጠች መስሎኝ…»
ደግሞ ዝም። ደግሞ፦
«ለተዝካሯ ያን ግድግዳ መረግነው። በእጄ ነው የመረግሁት።»

ቆጠርን፤ ትከሻ ለትከሻ፣ በካቻቢቴዬ ጫፍ እየነካን።
ሁለት መቶ አሥራ አንድ ላይ የፎቶው ጠርዝ ቆረጠን።

ውጭ አውቶብስ ጥሩንባውን ነፋ።
ጠረጴዛው ላይ የኔ ማስመሪያ፣ የኔ መስመሮች፣
እንዳዘነበሉ።

«ላስተካክለው?» አልኩት፤ ሞኝ ጥያቄ እንደሆነ እያወቅሁ።
«አስተካክለው እንጂ! ቅዳሜ ደብረ ወርቅ ሠርግ አለኝ።»

ሲቀነስ ሦስት። ሲቀነስ አምስት።
ሲቀነስ ሰባት ላይ ዜሮዋ ዐይኗን ገለጠች።
ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፦ አንሙት፣ ሃምሳ ሚሊ፣ ሲቀነስ ሰባት።
ሦስት መቶ ብር ሰጠኝ፤ መቶውን መለስኩለት።

ከደጃፉ ዞሮ አነጣጠረኝ፤ ቀጭ።
አሳየኝ፤ ዐይኔን ይዟል፣ ሽፋሽፍቴን ሳይቀር።
ከኋላዬ ያለው ግድግዳ ጉም ሆኗል።