ሦስት ቀዳዳ

ሃያ ሁለት ዓመት፣ ከወደቡ አጠገብ፣
ዓሣ ስበልት ኖርኩ፣ ልጆቼን ልመግብ።
አምባዛ ቢመጣ፣ ቆሮሶ ቢመጣ፣
ካንገት እስከ ጭራ ቢላዬ ሲወጣ፣
አንድ እፍኝ ነው ጉበት፤ እወረውራለሁ፣
ለወፍ ነው፣ ለውሻ፤ መች አስተውላለሁ።

ዘንድሮ የእኔው አበጠ።
«ከጉበትሽ» አሉኝ፣ «የመረብ ክር ያህል
ቆንጥረን እንውሰድ፤ ሕመሙ ይለያል።»
ገባ መርፌው፣ ወጣ። ፕላስተር ለጠፉ፤
በቀኝ ጎንሽ ተኚ አሉኝና አለፉ።

ማታ ትከሻዬን አመመኝ።
ጉበት ተወግቶ ትከሻ ምን አገባው?
ላቤ ቀዘቀዘ። ሲስተር ያምሮት ግፊቴን ለካች፣
ደግማ ለካች፤
«አንችናሉ፣ ትሰሚኛለሽ?»
ከዚያ ጫማዋ ኮሪደሩን ሲሮጥ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤
የኔ ሆድ ያባው ደም ነበር፣
አልትራሳውንዱ ላይ ጥቁር ኩሬ ሆኖ ታየ።
ሊቀድዱኝ ነው አልኩ፣ ልክ እንዳምባዛው።
ሥራዬን አውቀዋለሁ፤
የተቀደደ ሆድ ሲገጥም አላየሁም።

ዶክተር ፍሬሰንበት ሆዴን በጣቱ ነካ፣
እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህ፤
«ካውራ ጣትሽ ጥፍር አይሰፋም ቀዳዳው፤
አንዱ ለካሜራ፣ ሁለቱ ለእጄ ነው።»

የቀረውን በነጋታው ነገሩኝ፤
ሆዴን በጋዝ ነፍተው እንደ ድንኳን አቁመው፣
ብርሃን ይዘው ገብተው፣
የረጋውን መጥጠው፣ አጥበው፣
የመርፌዋን ዱካ፣ የምስር ፍሬ የማታክል፣
ፈልገው አግኝተው በትኩስ ጫፍ ነኳት።
ደሙ ዝም አለ።
አላመኑትም፤ አሥር ደቂቃ ቆመው አዩት።
እኔ ለአንድ ዓሣ አሥር ደቂቃ ቆሜ አላውቅም።

ለባሌ ለሙሉሃብት ፎቶውን አሳዩት፤
ቀይ፣ እርጥብ፣ የሚያበራ።
ዝም ብሎ አየ፣ አየና
«ሆድሽ እንዲህ ነው?» አለኝ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖረን
ሆዴን ያየው ያን ቀን ነው፤
እኔም ሳልዘረግፍለት።

አሁን ወደቡ ላይ ነኝ። ውጤቱ አልመጣም፤
ያቺ የክር ቁራጭ ካንዱ ላብራቶሪ ጠረጴዛ ላይ ናት።
ሦስቱ ጠባሳ ንፋስ ሲነሳ ያሳክከኛል።
ዛሬ ጧት አንድ አምባዛ ቀደድኩ፣
ጉበቱን በመዳፌ ያዝኩት፤
ቀዝቃዛ ነው፣ ለስላሳ፣ ከስሩ ትንሽ ደም።
ወፎቹ ተጠጉ፣
ውሻውም ጭራውን ቆላ።
እጄ አልወረውር አለ።