አቤት ባዮች

ሰማያዊ ናቸው፤ ከስንዝር ያጠሩ፣
ዶማና ቅርጫት ይዘው ከሙት ጋር የተቀበሩ።
ጌትዬው በወዲያኛው ዓለም «ና፣ ቦይ ጥረግ!» ሲባል፣
በሱ ፋንታ ተነስተው «አቤት» ሊሉ ነው ይባላል።
ይህን የነገረኝ አንድ ቀጭን መምህር፣
ከቆፋሪዎቹ ጋር ሁለት ወቅት የከረመ ነበር።

እኔ ዋህባ ነኝ፤ የመቃብር ዘበኛ።
አንድ ፋኖስ፣ አንድ ዱላ፣ ያረጀ ካፖርት ጓደኛ።
ከዓባይ በስተምዕራብ፣ ሸንኮራው ሲያበቃ፣
አሸዋው ሲጀምር፣ እዚያ ነው የኔ ጥበቃ።

ደሞዝ በቀረበት፣ ፖሊስ በሸሸበት፣
በዚያ ዓመት ነው ሌሊት ዶማ የበዛበት።
አርባ ቤት፣ አርባ ጉድጓድ፤ «ሽንት ቤት ነው» አሉኝ፤
«ይባርክላችሁ» አልኩ፤ ሻይ አፍልተው ሰጡኝ።

ሻዝሊ የሚሉት ሰው በነጭ መኪና መጣ፤
ሽቶው ቀድሞት ወረደ፣ እሱ ኋላ ወጣ።
አምስት መቶ ፓውንድ ከካፖርቴ ኪስ ከተተ፣
«ፋኖስህ ዛሬ ማታ ወደ ወንዙ ይይ» እያለ ጎተጎተ።
ጉድጓዱ ጠባብ ነው፤ ትልቅ ሰው አይገባም፤
ልጅ ይፈልጋሉ። እኔ ይህን አልሰማሁም።
ወይም ሰምቻለሁ።

የእህቴ ልጅ ረምዚ፣ አሥራ ሁለት ዓመቱ፣
ትከሻው የወፍ ነው፤ ገመድ በደረቱ።
ሦስቴ ወርዶ ወጣ፣ በክንዱ እያቀፈ
አቤት ባዮቹን፣ አፈር እያራገፈ።
በአራተኛው ግን አሸዋው ተነፈሰ፤
ገመዱ ብቻውን ወደ ላይ ተመለሰ።

«ረምዚ!» ብዬ ጮህኩ፤ «ረምዚ!» ብዬ ጠራሁ፤
ያኔ ነው ፋኖሴን ወደዚያ ያዞርሁ።
ሰዎቹ በረሩ፤ ከረጢቱን አልረሱም።
ሃያ ሦስት አቤት ባይ ይዘው ሄዱ፤ ከጉድጓዱ ማንም
አቤት አላለኝም።

መምህሩ በቀደም ከስልኩ ሥዕል አሳየኝ፦
ባሕር ማዶ፣ ቀዝቃዛ አገር፣ በመስታወት ውስጥ አየሁኝ
ተሰልፈው ቆመው፣ መብራት ግንባራቸው ላይ፤
ከእግራቸው ስር ጽሑፍ። «ምን ይላል?» አልኩት፤ «እስቲ እንይ...
‹ምንጫቸው አይታወቅም›።»

አይታወቅም!
ስንት ክንድ እንደሚወርድ እኔ አውቃለሁ፤
ልጁ በስንተኛው ቀን እንደ ወጣ አውቃለሁ፤
በጡጫው የጨበጣትን፣ ሃያ አራተኛዋን፣
ማን ፈልቅቆ እንደ ሸጣት ስሙን አውቃለሁ።
የጠየቀኝ የለም።

ነጂያ አታናግረኝም። ሲመሽ ግን በሩን ከፍታ
ለእራት ትጠራዋለች፤ ሁለቴ፣ ሳትቆጣ፣ እንደ ወትሮዋ፣ በርጋታ።
እኔ ከግንቡ ጥግ፣ ካፖርቴን ደርቤ ቆሜ፣
ዶማም ቅርጫትም የለኝ፣ አልተቀረጸ ስሜ፤
በሱ ፋንታ እንድነሳ ማን ሠርቶ አስቀመጠኝ?
አፌን እከፍታለሁ፣ «አቤት» ልል፤
አሸዋው ይቀድመኛል።