ጨው በዝቶበታል

ቴላቪ ሲኒማ፥ ከኋላ ወንበር ላይ፣
እኔና አያቴ ያን ፊልም ስናይ፣
ሰማዩ ተቀዶ መርከብ ወረደና
ቅርፊታም ፍጡር ወጣ፥ ዐይኑ እንደ ፋና።
አፉን ከፈተና አንድ ነገር አለ፤
ፈንዲሻ የያዘ እጅ አየር ላይ ተንጠለጠለ።
ከሥር የተጻፈው፦
«የምድር ልጆች ሆይ፥ ዘመናችሁ አልቋል፤
ጨለማችን መጥቶ ከደጃችሁ ዘልቋል።»

ላጋዛ ግን ሳቀ።
በኮፍያው ጫፍ አፉን ሊያፍን ሞከረ፤
ከፊት ያለች ሴት ዞራ «እሽ!» ስትለው፥ ጨመረ።
«ምን አለ?» ብለው ጆሮዬን ወደሱ ስቦ
«‹ውሻውን እሰሩት!›» አለኝ፥ ሳቁ በዕንባ ታጅቦ።

ፍጡሩ ቀጠለ፤ ከጉሮሮው ሥር
ቀ እና ጠ እየፈነዱ፥ ደረቅ ጭራሮ እንደሚሰበር፦
«ይንበርከክ ፍጥረት ሁሉ፥ ይደፋ በግንባሩ!»
ይላል ጽሑፉ።
አያቴ ግን፦ «‹አይቡ ጨው በዝቶበታል›
ነው እኮ የምትለው።»
«ማን?»
«እህቴ። ማቅቫላ።»

እኔ ሳልወለድ ነው። ዜሞ አልቫኒ መንደር
ቴፕ የተሸከመ አንድ ሰው መጥቶ ነበር፤
ስሙ ኦትማር ይሁን ሌላ፥ አያቴ ዘንግቶታል፤
ጫማው ለጭቃ እንዳልተሠራ ግን ያስታውሳል።
«ያሻሽን ተናገሪ» አላት። እሷም ሥራ ሳትፈታ፣
አይቡን አቁማዳ ውስጥ እየጠቀጠቀች፣
በጎቿን ቆጠረች፥ ውሻውን ሰደበች፣
ወንድሟን ተጣራች ወደ ማታ።
የእጅ ባትሪ ሰጥቷት ሄደ።
በክረምቱ ሞተች።
ድምጿን ግን የሆነ ስቱዲዮ ውስጥ ቆራረጡት፣
አወፈሩት፥ አጓተቱት፥ በብረት በርሜል አስጮኹት፤
ማንም የማይሰማው ቋንቋ ይፈልጉ ነበር፤
ማንም፥
አያቴ ሳይቆጠር።

ከተሞች ሲነዱ ፍጡሩ ክንዱን ዘርግቶ ጮኸ።
«አንድ ነፍስ አይተርፍም!» ይላል ከሥሩ።
በመሀል ግን አንዲት ቃል እኔም ሰማሁ፦
ላጋዛ።

አያቴ ብድግ አለ። ኮፍያው ወደቀ።
እኔ በማላውቀው፥ እናቴም በረሳችው አፍ
ለዚያ ጭራቅ አጭር መልስ መለሰለት።
«ተቀመጥ እንጂ፥ አንተ ሽማግሌ!»
ብለው ጮኹበት።

አውቶቡስ ውስጥ ጠየቅሁት። መስኮቱን እያየ፦
«‹መሽቷል፥ ና ግባ› ስትለኝ፣
‹መጣሁ› አልኳት።
አይቡም ጨው አልበዛበትም።
ያኔም ነግሬያታለሁ።»