እጅ ሲያጥር

ግሪምስቢ ላይ ማለዳ ነው፤ ጨው ጨው ይላል ዝናቡ፤
ዓሣው ካለቀ ቆየ፤ ሽታው ግን አልለቀቀም ከወደቡ።
ሃያ ዓመት ሙሉ፣ በቢላ ዓሣ ስሰነጥቅ ኖሬ፣
ዛሬ ከአልጋዬ ጠርዝ አልደርስም በእግሬ።
ጣቶቼ ቀድመው ሄዱ፤ ጉልበቴ ተከተለ፤
ደህና ሁኚ እንኳ ሳይለኝ፣ በሌሊት ኮበለለ።

ሐኪሙ ለበሽታው ረጅም ስም ሰጠው፤
እኔ የማውቀው ጣራዬን ነው፣
ከመብራቱ በስተግራ ያለውን እድፍ፣
አንድ እግር ጫማ የመሰለውን፣
ክረምት በመጣ ቁጥር፣ ቁጥሩ የሚጨምረው።

ቁልፉ ጮኸ። ማክሲን ናት። ከደጅ ጀምራ ታወራለች፤
ካፖርቷን ሳታወልቅ ማንቆርቆሪያውን ትጥዳለች።
«ጌይነርዬ፣ ሩብ ሰዓት ነው ያለን» ትላለች።
ሩብ ሰዓት።
ማገላበጥ፣ ኪኒን፣ ሽንት ቤት፣
ከዚያ ወይ ገንፎ፣ ወይ ገላ፤ አንዱን መምረጥ ነው እንግዲህ።
ዛሬ ገላ አልኳት፤
ጠግቦ ከመሽተት፣ ተርቦ መንጻት።

ሰው መድኃኒቱ ሰው፤ እውነት ነው፣ እቀበላለሁ፤
እኔ ግን ተለክቶልኝ፣ እንደ ሽሮፕ በማንኪያ፣
ጧት አንዴ፣ ማታ አንዴ፣ ሩብ ሩብ ሰዓት እውጣለሁ።

ከእኔ ቤት እስከ አቶ ኦልድሮይድ ቤት፣ መንገዱ ክፍያ የለውም፤
ቤንዚኑ ከኪሷ፣ ምሳዋ መሪው ላይ፤ ደከመኝ ግን አትልም።
አንድ ቀን፣ ካልሲዬን እያጠለቀችልኝ፣
እንቅልፍ ጣላት፤
ጭንቅላቷ ጉልበቴ ላይ።
አልቀሰቀስኳትም።
ከሩቤ ላይ ቆርሼ፣ አራት ደቂቃ ሰጠኋት።
በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ፣
ጉልበቴ ለሰው የጠቀመው ያን ቀን ብቻ ነው።

በኅዳር፣ ከከተማው ምክር ቤት፣ አቶ ላድሎ መጣ፤
ጫማውን በር ላይ ጠረገ፤ ጨዋ ነው፤ ቅጽ አወጣ።
«ማንኪያ ታነሻለሽ?»
አንዳንዴ።
«አንዳንዴ» የሚል ሳጥን የለውም።
«በመጥፎ ቀን?» አልችልም።
«በጥሩ ቀን?»
ዋሽቼ አላውቅም፤ እችላለሁ አልኩት።
በጥሩ ቀኔ ላይ ምልክት አደረገ፣
መጥፎዎቹን እኔው ዘንድ ትቶልኝ ሄደ።

ዛሬ ማክሲን፣ ከበሩ ሥር ፖስታ አነሳች፤
እሷ ቀደደች፤ እሷው አነበበች።
«በጀት የለም፤ እጅ አጥሮናል፤ ከመጪው ወር ጀምሮ፣
የማታው አገልግሎት ቆሟል» ይላል፣ በማኅተም አሳምሮ።

እጅ አጠረን?
እጅ ያጠረውማ፣ ይኸው፣ ብርድ ልብሱ ላይ፤
አፍንጫዬን ሲበላኝ እንኳ፣ የማይደርስ እስከ ላይ።

ቆሟል?
ሳቅሁ። ማክሲን ደነገጠች፤ ያመመኝ መሰላት።
በዚህ ቤት ውስጥ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣
በመጨረሻ ቆሞ ያየሁት ነገር ይኸው እርዳታዬ ነው፣ አልኳት።
አልሳቀችም።
«ማታ ማን ያስተኛሻል?» አለች፤
ጥያቄው ወንበሬ ላይ ተቀመጠ፤
እኔም ከእንግዲህ ሌሊቱን ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ።

ስልኳ ጮኸ። ሩቡ አለቀ።
ካፖርቷን አላወለቀችም ነበርና፣
ለመውጣት የሚያዘገያት የለም።
ደጃፉ ላይ ደረሰች፤ ዝናቡን አየች፤ ተመለሰች፤
ሳልጠይቃት ገንፎውን ማማሰል ጀመረች።

«ኦልድሮይድ ይጠብቅሻል» አልኳት።
«አውቃለሁ።»
እኔም አውቃለሁ፤
ኦልድሮይድ ሆኜ አውቃለሁ፣ ዓይኔን በሩ ላይ ተክዬ፣
እርጥብ አንሶላ ላይ፣ የመኪና ድምፅ እየቆጠርኩ።
ይቺ ማንኪያ፣ አይቼው ከማላውቅ ሽማግሌ
አፍ ላይ የተነጠቀች ናት።

አፌን ከፈትኩ።
ትኩስ ነበር።
ሁለተኛውንም ከፈትኩ።